ቻርሊ ፓርከርን ከየትኛው ሸክላ እንጀምር? ሳቮይ፣ ዳያል፣ ቨርቭ ወይስ የመድረክ ቅጂ

የቻርሊ ፓርከርን ስም በሙዚቃ ማዳመጫ መተግበሪያ ላይ የጻፈ ሰው ማለቂያ የሌለው የአልበም ዝርዝር ይዘረገፍለታል። አብዛኞቹ ግን እሱ በሕይወት ሳለ አልበም ሆነው የወጡ አይደሉም። ይህ አሜሪካዊ የጃዝ አልቶ ሳክስፎን ተጫዋች አብዛኞቹን ታላላቅ ሥራዎቹን የቀረጸው በደቂቃ 78 ጊዜ በሚሽከረከረው የአሮጌው ሸክላ ዘመን ነው፤ አንዱ የሸክላ ገጽ ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ይይዛል። በ1955 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገና በ34 ዓመቱ ከሞተ በኋላ መብቱን ያገኘ ኩባንያ ሁሉ እነዚያን የሦስት ደቂቃ ሥራዎች እያገጣጠመ፣ ሽፋን እየለወጠ፣ «ምርጥ» እና «ታላቅ» የሚል ቃል እየጨመረ አሳትሟቸዋል። ስለዚህ ያው «ኮ ኮ»፣ ያው «ኦርኒቶሎጂ» በተለያየ ሽፋን ተመላልሶ ይመጣል፤ አንዱ በጥንቃቄ የጸዳ፣ ሌላው ከነጭረቱ ከአሮጌ ሸክላ ላይ የተገለበጠ።

ምርጫው የሚቀለው አልበም መፈለግ ቀርቶ ኩባንያና ዓመት መፈለግ ሲጀመር ነው። የፓርከር ቅጂዎች በአራት ክምር ይከፈላሉ። ለሳቮይ ኩባንያ ከ1944 እስከ 1948 የቀረጻቸው፣ ለዳያል በ1946 እና በ1947 የቀረጻቸው፣ ከ1948 መጨረሻ እስከ 1954 ኖርማን ግራንዝ በሚባል አሳታሚ ሥር የሠራቸውና ዛሬ ቨርቭ በሚለው ስም የሚሸጡት፣ በመጨረሻም ከክበቦች፣ ከአዳራሾችና ከሬዲዮ የተገኙ የመድረክ ቅጂዎች ናቸው።

የእኔን ፍርድ አስቀድሜ ልናገር። አንድ ብቻ ይግዙ ወይም አንድ ብቻ ያዳምጡ ከተባለ፣ የሳቮይንና የዳያልን ዋና ቅጂዎች በሦስት ሲዲ ያሰባሰበውን የ2002 እትም እመርጣለሁ። ከእሱም ውስጥ መጀመሪያ መደመጥ ያለበት ዳያል በ1947 መጨረሻ ወራት ኒው ዮርክ ላይ የቀረጸው ነው። የተለመዱት የምርጫ ዝርዝሮች አዲስ አድማጭን ወይ ከ«ኮ ኮ» ወይ ከቶሮንቶው የማሲ ሆል ኮንሰርት ያስጀምራሉ። በሁለቱም አልስማማም።

ከሕይወቱ ለምርጫው የሚጠቅመው

ፓርከር ኦገስት 29 ቀን 1920 በካንሳስ ሲቲ፣ ካንሳስ ተወለደ፤ ያደገው ግን ከወንዙ ማዶ፣ የሚዙሪ ግዛት በሆነችው ካንሳስ ሲቲ ነው። በ1930ዎቹ ያች ከተማ ክበቦቿ እስኪነጋ የማይዘጉባት፣ ሙዚቀኞች ሌሊቱን ሙሉ በመድረክ ላይ የሚፎካከሩባት ነበረች። በ1936 ሬኖ ክለብ በሚባል ቦታ ልጁ ፓርከር ከትልልቆቹ ጋር ለመጫወት ወጥቶ መንገድ ሲስት፣ የካውንት ቤዚ ባንድ ከበሮ መቺ ጆ ጆንስ ሲምባሉን ወለል ላይ ወርውሮ ከመድረክ እንዳባረረው ይተረካል። በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ወደ ኦዛርክ ተራሮች ከአንድ ቡድን ጋር ለሥራ ሄደ፤ የቴነር ሳክስፎን ተጫዋቹን የሌስተር ያንግን ሶሎዎች (የብቻ ጨዋታዎች) ከሸክላ እየሰማ በቃሉ ያጠናው እዚያ ነው። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ ይላሉ የሚያውቁት።

በ1941 ከጄይ ማክሻን ቡድን ጋር ለዴካ ኩባንያ ቀረጸ። ከዚያ ኒው ዮርክ፣ ሃርለም፣ ሚንተንስ እና ሞንሮስ በሚባሉ ክበቦች ከትራምፔት ነፊው ከዲዚ ጊሌስፒና ከፒያኖ ተጫዋቹ ከቴሎኒየስ መንክ ጋር የሌሊት ጨዋታ። ቢቦፕ የሚባለው አዲስ የጃዝ ስልት የተቀመመው በእነዚያ ሌሊቶች ነው፤ በሸክላ ግን አናገኘውም ማለት ይቻላል። የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር ከኦገስት 1942 ጀምሮ ከኩባንያዎች ጋር በክፍያ ተጣልቶ አባላቱን ከስቱዲዮ አስወጥቶ ነበር፤ እገዳው ለአንዳንዶቹ ኩባንያዎች እስከ 1944 መጨረሻ ድረስ ቆየ። አዲሱ ሙዚቃ ያደገው ያለ ምስክር ነው ማለት ነው። በ1945 ድንገት ሙሉ ሰው ሆኖ ብቅ ሲል ብዙ አድማጭ የደነገጠውም ለዚህ ነው፤ የዛሬም አዲስ አድማጭ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

አንድ ነገር ለአገራችን ጆሮ ልጨምር። ሳክስፎንን በጌታቸው መኩሪያ ሽለላ የለመደ ሰው የሚጠብቀው ሰፊ፣ የሚንቀጠቀጥና የሚያገሳ የቴነር ድምፅ ነው። ፓርከር የሚነፋው ከዚያ ያነሰውን አልቶውን ነው፤ ድምፁ ደረቅ፣ ጠንካራ፣ መንቀጥቀጡ ጥቂት ነው። ስሜቱ ያለው በድምፁ መርገብገብ ሳይሆን በሐረጎቹ አሰካክ፣ የት ጀምሮ የት እንደሚያቆም፣ የትኛውን ኖታ እንደሚያጎላ ነው። የሙላቱ አስታጥቄን የተረጋጋ ምት የሚወድ ሰውም በፓርከር ፍጥነት መጀመሪያ ሊታክተው ይችላል። ለዚህ ነው የመግቢያው በር ምርጫ ከማንኛውም ሙዚቀኛ ይልቅ እዚህ ላይ የሚያሳስበው።

ሳቮይ

ሳቮይ መቀመጫው ኒው ጀርዚ ውስጥ ኒውአርክ ከተማ የነበረ ኩባንያ ነው፤ ባለቤቱ ኸርማን ሉቢንስኪ ገንዘብ ከእጁ በቀላሉ እንደማይወጣ ሙዚቀኞቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። ይህ ጠባይ ሙዚቃውን ሳይቀር ቀርጾታል። የታወቀ ዘፈን ከተቀረጸ ለደራሲው ይከፈላል፤ የዘፈኑ ኮርድ (ከዜማው ሥር የሚሄደው የድምፆች ቅንጅት) ግን የማንም ንብረት አይደለም። ስለዚህ ኩባንያው የሚፈልገው በታወቀ ዘፈን ኮርድ ላይ የተሠራ አዲስ ዜማ ነው። ፓርከር ደግሞ በዚህ ነገር ወደር አልነበረውም። «ዶና ሊ» በ«ኢንዲያና» ኮርዶች ላይ የቆመ ነው፤ «ኮ ኮ» ደግሞ በሬይ ኖብል «ቼሮኪ» ላይ።

የ«ኮ ኮ» ቀረጻ የዋለው ኖቬምበር 26 ቀን 1945 ሲሆን የዚያ ዕለት ሁኔታ ለማመን ይከብዳል። ፒያኖ እንዲጫወት የታሰበው ባድ ፓወል አልተገኘም። ጊሌስፒ ፒያኖው ላይ ተቀመጠ፤ ሌላም ፒያኖ ተጫዋች ተጠራ። ትራምፔቱን የያዘው የ19 ዓመቱ ማይልስ ዴቪስ ነበር፤ የ«ኮ ኮ»ን መግቢያ ግን ጊሌስፒ ራሱ ተነሥቶ ነፋው። በመጀመሪያው ሙከራ ከመግቢያው በኋላ የ«ቼሮኪ»ን ዜማ በግልጽ ሲጀምሩ አንድ ሰው ሲያስቆማቸው ይሰማል። በሁለተኛው ዜማውን ዘለው በቀጥታ ወደ ፓርከር ሶሎ ገቡ፤ በ64 ባር (የምት መለኪያ ክፍል) የተሠራውን የዘፈን ቅርጽ ሁለት ጊዜ ሙሉ ይዞረዋል፣ በደቂቃ ወደ 300 ምት በሚደርስ ፍጥነት። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሚጠበቁ ቅጂዎችን መዝገብ በ2002 ሲከፍት ካስገባቸው የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

ታዲያ ለምን ከእሱ አንጀምርም? ምክንያቱም ያልለመደ ጆሮ ከ«ኮ ኮ» የሚያተርፈው ፍጥነቱን ብቻ ነው። ሰውየው ፈጣን ነው ብሎ ይደመድምና ይሄዳል፤ ያ ደግሞ ስለ ፓርከር ከሚባሉት ነገሮች ሁሉ ትንሹ ነው። በዚያው ዕለት፣ በዚያው ክፍል የተቀረጹት «ናውስ ዘ ታይም» እና «ቢሊስ ባውንስ» በመካከለኛ ፍጥነት የሚሄዱ ብሉዞች ናቸው። ባለ 12 ባሩን የብሉዝ ቅርጽ የሚያውቅ ጆሮ ቤቱን እያወቀ ይገባና ሰውየው የቤት ዕቃውን ሁሉ እንዴት ቦታ እንደቀያየረው ያያል። ከሳቮይ መጀመር ለሚፈልግ መንገዱ በእነዚህ በኩል ነው።

የሳቮይ ቁንጮ ግን ለእኔ «ኮ ኮ» አይደለም። በሴፕቴምበር 1948 የተቀረጸው «ፓርከርስ ሙድ» ነው። ትራምፔት የለም፤ ፓርከር፣ ጆን ሉዊስ በፒያኖ፣ ከርሊ ረስል በቤዝ፣ ማክስ ሮች በከበሮ። ዝግ ያለ ብሉዝ ነው፤ አስቀድሞ የተጻፈ ዜማ የለውም፤ ከአጭር መግቢያ ሐረግ በኋላ ሁሉም በዚያው ቅጽበት የተፈጠረ ነው። ካንሳስ ሲቲ ያደገ ልጅ የአገሩን ዘፈን እንዴት እንደሚያውቀው እዚህ ይሰማል። ሐረጎቹ አንዳንዴ ከምቱ ኋላ ይቀራሉ፣ አንዳንዴ በአንድ ትንፋሽ እጥፍ ፈጥነው ይወርዳሉ፣ ከዚያ እንደ ንግግር ተሰብስበው ያበቃሉ። ቢቦፕ ስሜት የለውም፣ የጣት ቅልጥፍና ብቻ ነው ለሚል ሰው ከክርክር ይልቅ ይህን ሦስት ደቂቃ ማሰማት ይሻላል።

ዳያል

ዳያልን ያቋቋመው ሮስ ረስል በሆሊዉድ የሸክላ መሸጫ ሱቅ የነበረው፣ የዚህ አዲስ ሙዚቃ አፍቃሪ ነበር። ፓርከርና ጊሌስፒ በዲሴምበር 1945 ቢሊ በርግስ በሚባል የሎስ አንጀለስ ክበብ ለመጫወት ወደ ምዕራብ ሲወርዱ ረስል አገኛቸው። ሥራው ሲያልቅ ጊሌስፒና ሌሎቹ ተመለሱ፤ ፓርከር ቀረ። ማርች 28 ቀን 1946 ለዳያል «ያርድበርድ ስዊት»ን፣ «ኦርኒቶሎጂ»ን፣ «ሙስ ዘ ሙች»ን እና «ኤ ናይት ኢን ቱኒዝያ»ን ቀረጸ። «ሙስ ዘ ሙች» ሄሮይን ይሸጥለት የነበረው ሰው ቅጽል ስም ነው፤ ፓርከር ከዳያል ከሚያገኘው የደራሲነት ክፍያ ግማሹን ለዚሁ ሰው በጽሑፍ አሳልፎ ሰጥቶታል። ስለ ሱሱ ከዚህ የበለጠ ማተት አያስፈልግም፤ ከ15 ወይም ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ተጣብቆት እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም።

«ኤ ናይት ኢን ቱኒዝያ» ላይ ሌሎቹ ተጫዋቾች ድንገት ዝም ሲሉ ፓርከር ለአራት ባር ብቻውን ይቀራል። በመጀመሪያው ሙከራ ያንን ክፍተት እንዲህ አድርጎ ሞላው፤ ቀሪው ሙከራ ባያምርም ረስል ቁርጥራጩን ሊጥለው አልቻለም፤ «ታዋቂው የአልቶ ክፍተት» ብሎ ለብቻው አወጣው። ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ሳክስፎን የሚማር ሰው ግን ወራት ሊፈጅበት ይችላል።

ከዚያ ጁላይ 29 ቀን 1946 መጣ። የሚወስደው ሄሮይን ከከተማዋ ጠፍቶበት በመጠጥ የተዳከመው ፓርከር በጓደኞቹ እየተደገፈ «ላቨር ማን»ን ነፋ። መግቢያውን ዘግይቶ ያገኘዋል፤ ድምፁ ከማይክሮፎኑ ይርቃል፤ ሐረጎቹ ይቆራረጣሉ። በዚያው ሌሊት ባረፈበት ሆቴል ክፍል እሳት ተነሥቶ ተያዘ፤ ካማሪዮ ወደሚባለው የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታል ተላከና ስድስት ወር ገደማ ቆየ። ረስል ቅጂውን ለገበያ ማውጣቱን ፓርከር ይቅር አላለውም። አንዳንድ አድማጭ ይህን ቅጂ ከሁሉ በላይ ያደንቀዋል። እኔ ግን የሰው ውድቀት እንደ ጥበብ ሲሞገስ አይመቸኝም፤ «ላቨር ማን» ታሪኩን ላወቀ ሰው ሌላ ቀን የሚደመጥ እንጂ የመግቢያ ቅጂ አይደለም። ከሆስፒታሉ ወጥቶ በፌብሩዋሪ 1947 የቀረጸው «ሪላክሲን አት ካማሪዮ» ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ርዕሱ ከሆስፒታሉ ስም ጋር ይቀልዳል፣ ዜማው ብሉዝ ይሁን እንጂ ሐረጎቹ ባልተጠበቀ ቦታ እየታጠፉ አብረውት የተጫወቱትን ሳይቀር አስቸግረዋል።

አሁን ወደ መግቢያው በር ደረስን። ፓርከር ወደ ኒው ዮርክ ተመልሶ ቋሚ ቡድን አቋቋመ፤ ማይልስ ዴቪስ፣ ዱክ ጆርደን በፒያኖ፣ ቶሚ ፖተር በቤዝ፣ ማክስ ሮች። የሙዚቀኞች ማኅበር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1948 ጀምሮ ሁለተኛ እገዳ እንደሚጥል ስለታወቀ ኩባንያዎቹ ሁሉ ይጣደፉ ነበር። ረስልም ቡድኑን ኦክቶበር 28፣ ኖቬምበር 4 እና ዲሴምበር 17 ቀን 1947 ስቱዲዮ አስገባው፤ በሦስተኛው ቀን ትሮምቦን ተጫዋቹ ጄ ጄ ጆንሰን ተጨመረ። ከዚያ ጥድፊያ የወጣው ሙዚቃ የመጣደፍ ምልክት የለበትም።

ከእነዚህ ቀኖች ውስጥ መጀመሪያ የሚመረጡት ዝግ ያሉት ዘፈኖች ናቸው። «ኤምብሬሰብል ዩ»፣ «ማይ ኦልድ ፍሌም»፣ «አውት ኦቭ ኖዌር»፣ «ዶንት ብሌም ሚ»። ሁሉም በዚያ ዘመን ሕዝብ በቃሉ የሚያውቃቸው ዘፈኖች ነበሩ። «ኤምብሬሰብል ዩ» ላይ ፓርከር የዘፈኑን ደራሲ የጌርሽዊንን ዜማ ጭራሽ ሳያነሳ ይጀምራል፤ አንዲት ትንሽ ሐረግ ይወስድና እየገለባበጠ፣ እያራዘመ፣ ከፍ ዝቅ እያደረገ ሌላ ዜማ ይሠራል። ሁለት ሙከራዎች ተቀርጸዋል፤ ሁለቱም ወጥተዋል፤ ሁለቱ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ፍጥነት ስለሌለ ጆሮ ይከተላል፤ ሰውየው ምን እያሰበ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ይገባል። ከዚህ በኋላ ወደ «ስክራፕል ፍሮም ዘ አፕል» እና «ዱዊ ስኩዌር»፣ ከዚያም ወደ ፈጣኖቹ መሄድ ይቻላል። «ኮ ኮ» ሲደርስ ያን ጊዜ ሐረግ እንጂ ፍጥነት አይሰማም።

ሁለቱን ፊት ለፊት ስናስቀምጥ

ሳቮይና ዳያል በአንዳንድ ዓመት ያንኑ ቡድን ቀርጸዋል፤ እንዲያውም ከዲሴምበር 17ቱ የዳያል ቀረጻ ከአራት ቀን በኋላ ሳቮይ ዲትሮይት ላይ ይኸንኑ አምስት ሰው ስቱዲዮ አስገብቷል። ስለዚህ ልዩነቱ የሙዚቀኞቹ አይደለም፤ የምርጫው ነው። ሳቮይ ዘንድ ብሉዝና ፈጣን ጨዋታ ይበዛል፤ ዝግ ያለ የፍቅር ዘፈን የለም ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱን ከላይ ተናግሬአለሁ። ዳያል ሁለቱንም ይዟል። የብሉዝ አፍቃሪ ወደ ሳቮይ፣ የዜማ አፍቃሪ ወደ ዳያል ይሂድ። በድምፅ ጥራት የኒው ዮርኮቹ የዳያል ቅጂዎች በትንሹ ይሻሉኛል፤ የሎስ አንጀለሶቹ ግን እንደ ቀረጻው ይለያያሉ።

ከሁለቱም ክምር ውጭ የሚቀር አንድ ትልቅ ነገር አለ። በ1945 ፌብሩዋሪና ሜይ ፓርከርና ጊሌስፒ ጊልድ ለሚባል ትንሽ ኩባንያ «ግሩቪን ሃይ»ን፣ «ሶልት ፒነትስ»ን፣ «ሾው ነፍ»ን እና «ሆት ሀውስ»ን ቀርጸዋል። ቀረጻው በጊሌስፒ ስም ስለነበር ብዙ ጊዜ የሚገኘው በእሱ ስብስቦች ውስጥ ነው። የሁለቱ ነፋሾች አንድነት ከዚያ በኋላ በስቱዲዮ እንዲህ ሆኖ አልተደገመም።

ቨርቭ፣ ወይም የግራንዝ ዘመን

ቨርቭ የሚባለው ኩባንያ የተመሠረተው ፓርከር ከሞተ በኋላ ነው፤ ቅጂዎቹ መጀመሪያ የወጡት በመርኩሪ፣ በክሌፍና በኖርግራን ስም ነበር። ኖርማን ግራንዝ ገንዘብ ነበረው፤ ስቱዲዮው የተሻለ፣ ድምፁ የጠራ ነው። የ1940ዎቹ ሸክላ ጭረት ራሱን የሚያሳምመው አድማጭ ከዚህ ቢጀምር አልቆጣም። ችግሩ ግራንዝ ፓርከርን በየጊዜው ከሌላ ሰው ጋር ማጣመር ይወድ ነበር፤ አንዳንዱ ጥምረት ይይዛል፣ አንዳንዱ አይይዝም።

ኖቬምበር 30 ቀን 1949 ከቫዮሊኖች፣ ከቪዮላ፣ ከቼሎ፣ ከሃርፕ (የምዕራባውያን በገና) እና ከኦቦ ጋር ስድስት ዘፈን ተቀረጸ። የጃዝ ጸሐፊዎች ለዘመናት ሲያንቋሽሹት ኖረዋል፤ ፓርከርን ለገበያ ሸጡት ይላሉ። አጃቢው ቅንብር ጣፋጭነት በዝቶበታል፤ ይህን አልክድም። ግን «ጀስት ፍሬንድስ»ን ያዳምጡ። ያ ሁሉ ቫዮሊን ከኋላው የማይነቃነቅ ግድግዳ ሆኖለት፣ ፓርከር ፊቱ ያለውን ባዶ ቦታ በሙሉ ይጠቀምበታል። ሌላ የጃዝ ነፋሽ የለ፣ የሚጠብቀው ተራ የለ። በሕይወቱ በደንብ ከተሸጡለት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው፤ እሱም ይወደው ነበር ይባላል። ቤት ውስጥ ጃዝ የማይሰማ ሰው ካለ፣ ከእሱ ጋር አብሮ ሊደመጥ የሚችለው የፓርከር አልበም ይኸው ነው። በ1950 የተቀረጸው ሁለተኛው ዙር ግን ያን ያህል አይደለም።

«በርድ ኤንድ ዲዝ» (የፓርከርና የጊሌስፒ ቅጽል ስሞች ናቸው) በጁን 1950 የተቀረጸ ነው፤ በወረቀት ላይ ሲታይ ሕልም ነው። ፓርከር፣ ጊሌስፒ፣ መንክ፣ ከርሊ ረስል። ከበሮው ላይ ግን የትልልቅ ባንዶች ሰው በዲ ሪች ተቀምጧል፤ በጣም ጎበዝ፣ ለዚህ ሙዚቃ ግን ክብደቱ የተለየ። ፓርከርና መንክ ስቱዲዮ ውስጥ የተገናኙበት ብቸኛ ቀረጻ ስለሆነ ይደመጣል፤ «ብሉምዲዶ» እና «ሞሀውክ» ጥሩ ናቸው። የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን ግን አይገባም።

ከግራንዝ ዘመን እኔ የምመርጠው ያልተወሳሰበውን ነው። «ናውስ ዘ ታይም» በሚለው አልበም ውስጥ በ1952 መጨረሻና በ1953 የተቀረጹ ባለ አራት ሰው ሥራዎች አሉ፤ በመጀመሪያው ሀንክ ጆንስ፣ በሁለተኛው አል ሄይግ ፒያኖ ላይ፤ ማክስ ሮች በሁለቱም። «ኮንፈርሜሽን» እና «ኪም» እዚያ ናቸው። እያንዳንዱ ኖታ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሳክስፎን እየተማረ ሶሎ በወረቀት መገልበጥ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚመች የለም። በ1951 ከሬድ ሮድኒ ጋር የተቀረጸው «ብሉዝ ፎር አሊስ»ም በዚሁ ወገን ይመደባል። ከማቺቶ የኩባ ባንድ ጋር የተሠሩትን ማለፍ አይጎዳም፤ በ1953 ከዘማሪዎች ጋር የተሠሩትን ሦስት ዘፈኖች ማለፍ ግን ይጠቅማል።

የመድረክ ቅጂዎች

ስቱዲዮ ውስጥ ሦስት ደቂቃ የተሰጠው ሰው መድረክ ላይ የፈለገውን ያህል ይጫወታል፤ የመድረክ ቅጂ ጥቅሙ ይህ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ድምፁ።

ሜይ 15 ቀን 1953 በቶሮንቶ ማሲ ሆል ፓርከር፣ ጊሌስፒ፣ ባድ ፓወል፣ ቻርልስ ሚንገስና ማክስ ሮች አንድ ላይ ወጡ። በዚያው ምሽት ሮኪ ማርሲያኖና ጀርሲ ጆ ዎልኮት ለዓለም የከባድ ሚዛን ቡጢ ዋንጫ ቺካጎ ላይ ይጋጠሙ ስለነበር አዳራሹ አልሞላም። ፓርከር የያዘው ግራፍተን የሚባል የፕላስቲክ ሳክስፎን ነበር፤ ከግራንዝ ጋር ውል ስለነበረው ሚንገስና ሮች በራሳቸው ኩባንያ በዴቡት ሲያሳትሙት ስሙን «ቻርሊ ቻን» ብለው ጻፉት። ሚንገስ የቤዙ ድምፅ ስላልተሰማ በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ እንደገና ደርቦበታል። ታሪኩ ይጥማል፤ ስሞቹ ያስደነግጣሉ፤ ብዙ ሰው የሚገዛውም ለዚህ ይመስለኛል። ሙዚቃው ግን የአምስት ልዩ ልዩ ቁጡ ሰዎች ትንቅንቅ ነው፤ ፓወል ይልቁንም ከሁሉ ይበልጣል። ፓርከርን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው እዚህ አምስተኛውን ድርሻ ብቻ ያገኛል።

ከማሲ ሆል ይልቅ የምመክረው የሮያል ሩስት ክበብን የሬዲዮ ሥርጭቶች ነው። ከሴፕቴምበር 1948 እስከ ማርች 1949 የፓርከር ቡድን ጨዋታ ከዚያ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። በዲሴምበር ማይልስ ዴቪስ ወጥቶ ኬኒ ዶርሃም ይተካዋል፤ በገና ዕለት ቡድኑ «ዋይት ክሪስማስ»ን ሲጫወት ፓርከር በቀልድና በቁም ነገር መካከል ያለችውን ክር እንዴት እንደሚይዝ ይሰማል። አስተዋዋቂው ይለፈልፋል፣ ድምፁ የሬዲዮ ነው፣ ግን ሥራ ላይ ያለ ቡድን በሳምንታት ውስጥ ሲለወጥ መስማት ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ነው።

በጁን 1945 በኒው ዮርክ ታውን ሆል የተደረገው የፓርከርና የጊሌስፒ ኮንሰርት ቅጂ ለሕዝብ የደረሰው ከ60 ዓመት በኋላ በ2005 ነው፤ ለዕድሜው ድምፁ ያስገርማል። በ1950 ከፋትስ ናቫሮና ከባድ ፓወል ጋር በበርድላንድ ክበብ የተቀዳው ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ሙዚቃው የማሲ ሆልን ያስንቃል፣ ድምፁ ግን ትዕግሥት ይፈትናል። ዲን ቤነዴቲ የሚባል ሳክስፎን ተጫዋች በ1947 እና በ1948 ፓርከርን ከክበብ ክበብ እየተከተለ ይቀዳው ነበር፤ ብዙ ጊዜ ሌሎቹ ሲጫወቱ መቅጃውን ያጠፋል። ሞዛይክ ኩባንያ በ1990 በሰባት ሲዲ አሳትሞታል። ከመካከል የሚጀምሩና ከመካከል የሚቆሙ ሶሎዎች ክምችት ነው፤ ለተመራማሪ ሀብት፣ ለሌላው ሰው ቅጣት።

ሙሉው ስብስብ ወይስ የተመረጠው

የሳቮይና የዳያል የስቱዲዮ ሥራዎች ሁሉ፣ ከነተበላሹና ካልተመረጡ ሙከራዎቻቸው፣ በስምንት ሲዲ ወጥተዋል። የቨርቩ ሙሉ ስብስብ አሥር ሲዲ ነው። ብዙ ገዢ «ሙሉ» የሚለውን ቃል ሲያይ ይማረካል። ሦስቱን ሲዲ ከሰማ በኋላ ስምንቱን ቢገዛ ጥሩ ነው፤ ከስምንቱ ከጀመረ ግን አንዱን ዜማ አራት ጊዜ፣ አንዳንዱን በመሐል እየተቋረጠ ይሰማና በሁለተኛው ሲዲ ይሰለቻል። ያልተመረጡት ሙከራዎች የሚጣፍጡት ዋናውን በቃሉ ለያዘ ጆሮ ነው። ያን ጊዜ ፓርከር ራሱን አለመድገሙ፣ ሦስተኛው ሙከራ ከአንደኛው እጅግ ተለይቶ መምጣቱ ያስደንቃል። ቨርቭን በተመለከተ አሥሩን ሲዲ መግዛት ፈጽሞ አያስፈልግም፤ «ናውስ ዘ ታይም» እና የባለ አውታሮቹ አልበም ይበቃሉ።

በዲሴምበር 10 ቀን 1954 የተቀረጹት የኮል ፖርተር ዘፈኖች የመጨረሻው የስቱዲዮ ሥራው ናቸው። ከሦስት ወር በኋላ፣ ማርች 12 ቀን 1955፣ በኒው ዮርክ ስታንሆፕ ሆቴል በባሮነስ ፓኖኒካ ደ ኮኒግስዋርተር መኖሪያ ክፍል ውስጥ ሞተ፤ አስከሬኑን ያየው ሐኪም ዕድሜውን ከ50 በላይ ገምቶት ነበር። እነዚያ የኮል ፖርተር ቅጂዎች ደካማ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ከተደመጠ በኋላ ካልሆነ አይፈለጉም።

በመተግበሪያም ሆነ በሱቅ፣ የተቀረጸበት ዓመትና የተጫዋቾቹ ስም ያልተጻፈበትን ስብስብ ይለፉት። እንዲሁም በ1988 ስለ ሕይወቱ ከተሠራው ፊልም የወጣውን የሙዚቃ አልበም በመጀመሪያ ምርጫነት አይያዙት፤ የፓርከር ሳክስፎን ከአሮጌዎቹ ቅጂዎች ተለይቶ ወጥቶ ሌሎቹ መሣሪያዎች በአዲስ ሙዚቀኞች ተተክተዋል። ድምፁ ይጠራል። ግን ፓርከር ሐረጉን የወረወረው ማክስ ሮች በዚያች ቅጽበት ለመታው ምት ነበር፤ አዲሱ ከበሮ መቺ ያንን ምት ሊመልሰው አይችልም።